ፈተና ላለበት ሰው መርዶ አይነገርም

ወረታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ ለእትዬ ጥሩብርሃን፤

እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ እንደምን ይዞዎታል? እኔና ልጄ መባ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባሕር ሳያግደው ዘመድን ከዘመድ የሚያገናኝ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርዎ።

እትዬ፣ መቼም በአካል አያውቁኝም። የአንበሳሜዋ አያትዎና የእኔ አያት የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ናቸው እያለች እናቴ ስትቆጥር ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ቆጠራው መሀል ላይ ይጠፋብኛል። እርስዎ ወደዚያ አገር ሲሄዱ እኔ ጡት አልጣልሁም ነበር አሉ። ይኸው ዛሬ አርባ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ገለባ ከጠጉሬ ሳይራገፍ፣ ተማሪዎ ልሆን ነው። ይሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩን ባለቤቴ ዓለምነህ ነግሮዎታል። ሆላንድ እሱ ዘንድ እንድንመጣ መጀመሪያ እኔ አዲስ አበባ ኤምባሲ ገብቼ የሆላንድኛ ፈተና ማለፍ አለብኝ። ፈታኙ ሰው አይደለም አሉ፤ ኮምፒውተር ነው። ጆሮሽ ላይ ይጠይቅሻል፣ ትመልሻለሽ፣ ከዘገየሽ ጢጥ ብሎ ይዘጋብሻል። ዓለምነህ ራሱ እንዳያስተምረኝ፣ ሌሊት ቲማቲም የሚያበቅሉበት የመስታወት ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፤ ደግሞም ሲያስረዳ ይቆጣል። በስልክ እንዳንማር ኢንተርኔቱ ከጠፋ ቆየ፤ ድምፁም ሁለት ቃል ሳንባባል ይቆረጣል። ወረቀት ግን ቀስ ይላል እንጂ አይቆረጥም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር ያደርስልኛል።

ትምህርት ደስ ይለኛል እትዬ። አሥረኛን ጨርሻለሁ። አባቴ ደግሞ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውን «ባለቤቱ የታል? ማሰሪያው የታል?» እያሉ ሲያፋጥጡ እኔ ከጓዳ ሆኜ በሆዴ እመልስ ነበር። አሁን ተራዬ ደረሰ ብዬ ልቤ ዘለለ።

የሚያስፈራኝን ደግሞ ልንገርዎ። መባ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ የተማረችው እየጠፋባት ነው፤ ለእሷ ስል ማለፍ አለብኝ። ትልቁ ልጄ አዛናው ደግሞ አምና በመስከረም ሰሊጥ ቆረጣ ብሎ ወደ መተማ ወረደ፤ ያው እንደ ወረደ ነው። አብረውት የሄዱት ተመልሰዋል። «ከእኛ ተለይቶ ሌላ እርሻ ገባ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም። ካለ አለ። ከሌለም… ይህን ነገር አልጨርሰውም።

ማለዳ ያስፈራኛል። የአገራችንን ልማድ ያውቃሉ፤ መርዶ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ ነው። ውሻ ሲጮህ ልቤ ይወድቃል። ፀሐይ ወጥታ ሰው ወደየሥራው ሲበተን ነው «ዛሬም አለፈ» ብዬ ሳቄ የሚመለሰው። ከዚያ በኋላ ማንም አይችለኝም፤ እስኪመሽ አወራለሁ።

ትምህርቱን በቶሎ ይላኩልኝ። እጅዎን ስሜያለሁ።

ተማሪዎ ሠርካለም

*

አሰን፣ ሆላንድ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠርካለም፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። በረዶ ጥሏል፤ ከጉልበቴ ሌላ የሚያመኝ የለም። እግዚአብሔር አንቺንና መባን ይጠብቅልኝ።

ረጅም ደብዳቤ አልችልም፤ አማርኛዬ ዝጓል። በቀጥታ ወደ ትምህርቱ ልግባ።

እኛ ነገሩን የምናስረው መጨረሻ ላይ ነው። «እኔ ወረታ ውስጥ» ብለን ሰውየውን እናስጠብቀዋለን፤ «እኖራለሁ» የምትለው ኋላ ትመጣለች። ሆላንዶች አይጠብቁም። «ኢክ ቮን ኢን ወረታ» ይላሉ። ኢክ ማለት እኔ፣ ቮን ማለት እኖራለሁ። ግሱ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ይህን ካወቅሽ ግማሹን አወቅሽ። «አሁን» ብለሽ ብትጀምሪ «ኑ ቮን ኢክ ኢን ወረታ» ትያለሽ። ባለቤቱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ ግሱ ከቦታው አይነቃነቅም። «ወይ» ብለን እንደምንጠይቀው ያለ ጥያቄ ሲሆን ብቻ ግሱ ፊት ይወጣል፤ «ቮን ያይ ኢን ወረታ?» ወረታ ትኖሪያለሽ ወይ? ማለት ነው።

ሁለት ግሶች ከመጡ አንዱ ሁለተኛ ቦታውን ይይዛል፣ ሌላው መጨረሻ ይሄዳል። «ኢክ ቪል ኔደርላንድስ ሌረን»፤ ሆላንድኛ መማር እፈልጋለሁ። እፈልጋለሁ ሁለተኛ፣ መማር መጨረሻ።

አንድ ምክር። ኮምፒውተሩ ሲጠይቅሽ ሰላም አትበይው፣ ጤናውን አትጠይቂው፣ አትመርቂው። የአገራችን ሰው የሚወድቀው በዚህ ነው፤ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ሰዓቱ ያልቅበታል። የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ።

ስምሽ ማን ነው? የት ትኖሪያለሽ? ሥራሽ ምንድን ነው? ስንት ልጆች አሉሽ? ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። ከታች በጻፍሁልሽ ቃላት መልሱን ሠርተሽ ላኪልኝ።

ደህና ክረሚልኝ።

ጥሩብርሃን

*

ወረታ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬና መምህሬ፤

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ! ጉልበትዎ እንደምን ሆነልዎ? ያንን በረዶ የሚያቀልጥ አምላክ የእርስዎንም ሕመም ያቅልልዎ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎ? ጨፈርሁ! ግሱ ማን እንደሆነ ገባኛ። ድግስ ላይ ለቄሱ የሚለቀቀውን ወንበር ያውቁታል። ባለጸጋ ይምጣ፣ ሙሽራ ይምጣ፣ ሌላው ሰው ይሸጋሸጋል እንጂ ቄሱን ማንም አያስነሳውም። ግሱ እሱ ነው! ይህን ለጎረቤቴ ለአምሳል ብነግራት (ሸክላ ሠሪ ናት፣ ምላሷ እሳት ነው)፣ «እንግዲያስ መጨረሻ የሚሄደው ሁለተኛው ግስ ዲያቆኑ ነዋ፤ በር ላይ ቆሞ የቀረ» ብላ አሳቀችኝ። እሷ ጭቃ ስትረግጥ እኔ በእግሯ ምት እየተማርሁ ነው። «ኢክ ቮን ኢን ወረታ፣ ኑ ቮን ኢክ ኢን ወረታ» እያልን ስንጮህ መንገደኛ ቆሞ ያየናል። «ሠርኬ፣ ይቺን ሆላንድ ሳትደርሺ እኔ እቀድምሻለሁ» ትለኛለች።

መልሶቼ እነሆ። ኢክ ሄት ሠርካለም። ኢክ ቮን ኢን ወረታ። ኢክ ቨርክ በሩዝ መፈልፈያ ቤት፤ መፈልፈያ የሚለውን በሆላንድኛ አላገኘሁትም፤ እዚያ ሩዝ አይፈለፍሉም እንዴ?

አራተኛውን ዘለልሁት። «ኢክ ሄብ» (አሉኝ) ብዬ ቆምሁ። አንድ ብል በገዛ አፌ ልቀብረው ነው። ሁለት ብል፣ ኮምፒውተሩ «ሁለተኛው የት አለ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

እትዬ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በደብዳቤዎ ስለ አዛናው አንድ ቃል አላነሱም። እኔን ሰላም አሉ፣ መባን መረቁ፤ ስለ እሱ ግን ዝም። የጠፋ ልጅ እንዳለኝ ጽፌልዎት ሳለ «አይዞሽ» እንኳ የለም። መጀመሪያ አላስተዋልሁትም። አንድ ማለዳ ድንገት ታወቀኝና ቁጭ ባልሁበት ደረቅሁ።

ለምን እንደፈራሁ ይረዱልኝ። ዘመኑ የሚባል የሰፈራችን ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲፈተን አባቱ ሞተው ተቀብረው ነበር። እኛ «ታመው ባሕር ዳር ሄደዋል» ብለን በሳቅ ሸኘነው። ምሳውን የቋጠርሁለት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሶ ሲመለስ ጎህ ላይ ሽማግሌዎቹ ገቡበት። ማንም ክፉ አልሠራም፤ ወጉ ነው። ፈተና ላለበት ሰው መርዶ አይነገርም።

አሁን ፈተና ያለብኝ እኔ ነኝ፣ እትዬ። የሰሙት አለ?

መልሱን በጭንቀት የምትጠብቅ፣ ሠርካለም

*

አሰን፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠርካለም፤

እንደምን ከረምሽ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ዘገየሁብሽ፤ ይቅር በይኝ። እግዚአብሔር ጤና ይስጥሽ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር አሁን መጻፍ አልችልም። ትምህርቱን እንቀጥል። ዓለምነህ ለሐምሌ አስመዝግቦሻል፤ ጊዜው አጭር ነው።

መልሶችሽ ጥሩ ናቸው። ዛሬ ግሱ በባለቤቱ እንዴት እንደሚለወጥ ተማሪ። የፎገራ ሰው ነሽና በሩዝ ልጻፍልሽ፦

ኢክ ኤት ራይስት፤ እኔ ሩዝ እበላለሁ።
ያይ ኤት ራይስት፤ አንቺ ሩዝ ትበያለሽ።
ሃይ ኤት ራይስት፤ እሱ ሩዝ ይበላል።
ቫይ ኤተን ራይስት፤ እኛ ሩዝ እንበላለን።

ኤት ራሱ በት ስለሚያልቅ ለውጡ አይታይም እንጂ፣ ለአንቺና ለእሱ መጨረሻው ላይ ት ትጨመራለች፤ ኢክ ቨርክ፣ ሃይ ቨርክት። እንደኛ ግሱ ብቻውን ሰውየውን አይናገርም፤ ስለዚህ ኢክን አትተዪ። አለመኖርን በ«ኸይን» ትናገሪያለሽ፤ «ኢክ ሄብ ኸይን ራይስት»፣ ሩዝ የለኝም።

ምክንያት ስትሰጪ ደግሞ «ኦምዳት» ትያለሽ፤ ያን ጊዜ ግሱ እንደ አማርኛው መጨረሻ ይሄዳል። «ኦምዳት ኢክ ባንግ ቤን»፤ ስለምፈራ።

አጥኚ። መባን ሳሚልኝ።

ጥሩብርሃን

*

ወረታ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩብርሃን፤

ጤናዎን፣ ሰላምዎን፣ ሁሉን ነገርዎን እጠይቃለሁ። ትንሣኤው ደስታውን ለሁላችንም ያድለን።

ደብዳቤዎን ማን እንዳመጣው ያውቃሉ? መምሬ በላቸው፣ የደብራችን ቄስ። ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሰንብተው ሲመለሱ ወረታ የገቡት ምሽት ላይ ነው። በምሽት እዚህ ሰው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ደግ ሰው ናቸውና በማግስቱ ኪዳን ሊያደርሱ ሲሄዱ ደብዳቤዬን ሊሰጡኝ አሰቡ። ቤቴን በጨለማ ስለማይለዩት አያ ደሳለውን ቀሰቀሷቸው። አያ ደሳለው የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲሞት በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

አሁን ያስቡት። ጎህ እየቀደደ ነው። ቄስ ነጭ ለብሰው፣ ሽማግሌ ከኋላቸው፣ ቀስ እያሉ ወደ እኔ በር። ጎረቤቴ ይርጋለም ውኃ ልትቀዳ ወጥታ አየቻቸው። እንስራዋን ጥላ «ወይኔ አዛናው! ወይኔ ለግላጋው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ምኑን ልንገርዎ፣ መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። እኔ በሩን ስከፍት ግቢዬ ሙሉ ሰው ያለቅሳል።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ መምሬ።

«ይንገሩኝ» አልሁ። «በቃ ዛሬ ይንገሩኝ።»

«ምኑን?»

«መምሬ አይጫወቱብኝ! ጎህ ነው፣ ነጭ ለብሰዋል፣ አያ ደሳለውን አስከትለዋል!»

«ነጭ የለበስሁት ኪዳን ላደርስ ነው። ደሳለውን ያመጣሁት ቤትሽን ሊያሳየኝ ነው። ደብዳቤ አለሽ።»

«በደብዳቤ ነው የመጣው!» ብላ ይርጋለም ደረቷን ደቃች። «እናቱ በደብዳቤ ልትረዳ ነው!»

አያ ደሳለው እጃቸውን አነሱ፤ ለቅሶው ጸጥ አለ። «የመጣ ነገር ይሰማ። አንብቢው» አሉ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ ፊደሉ አልታየኝም። መባ ከእጄ ወስዳ ቀደደችው። ዓይኗ ገጹ ላይ ሲሮጥ አየሁ። ከዚያ መግቢያውን ዘልላ መሀሉን ጮክ ብላ አነበበች።

«እኔ ሩዝ እበላለሁ።»

«ቀጥይ» አሏት አያ ደሳለው።

«አንቺ ሩዝ ትበያለሽ።»

«እሺ፣ እሺ…»

«እሱ ሩዝ ይበላል።»

«ማነው እሱ?» አለች ይርጋለም እንባዋን እየጠረገች።

«ማንም» አለች መባ። «ምሳሌ ነው።»

አምሳል እስከ ክርኗ ጭቃ እንደሆነች ከኋላ ፈነዳች። «ኧረ ተነሱ እናንተ! ሩዝ ለሚበላ ሰው ነው ደረት የምትመቱ? እንዲህ ከሆነ ፎገራ አልቋል!» ሰው ሁሉ ሳቀ። መምሬም ሳቁ። እኔም መሬት ላይ እንደተቀመጥሁ ሳቅሁ።

ሰው ሲበተን አያ ደሳለው ቀሩ። ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰው ከተሰበሰበ፣ እንባም ከፈሰሰ፣ ልቅሶውን ተቀምጠሽ ብትጨርሺው አይሻልም? እርምሽን ሳታወጪ ወደ ሰው አገር አትሂጂ» አሉኝ።

«አያ፣ መሞቱን ሳልሰማ?»

«ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ እኮ።»

«ቢይዝስ!» አልሁ፤ በሽማግሌ ላይ ጮኬ አላውቅም ነበር። ተቀይመውኝ ሄዱ። ይርጋለም ደግሞ፣ «በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል» እያለች ልታጽናናኝ ሞከረች። አምሳል ድንጋጤው እንዳይቀርብኝ ብላ ዋንዛዬ ወስዳ ፍል ውኃው ውስጥ አስቀመጠችኝ። ሰውነቴ ሞቀ። ሆዴ አልሞቀም።

እትዬ፣ ደብዳቤውን እቤቴ ገብቼ በሙሉ አነበብሁት። «ስለጠየቅሽኝ ነገር አሁን መጻፍ አልችልም» ይላል። ለዘመኑም ስለ አባቱ ሲጠይቅ እንዲሁ ነበር የምንለው፤ «አሁን ይህን ተወውና አጥና።»

እንግዲያስ አልፈተንም። ሳልፈተን የኖርሁ እንደሆነ ማንም አይነግረኝም፤ ማንም ካልነገረኝ ልጄ አለ። ይህን አስብና ደስ ይለኛል። ከዚያ መባ የወንድሟን አሮጌ መጽሐፍ ለብቻዋ ስታገላብጥ አያታለሁ፤ ደስታዬም ይጠፋል። አንዷን ልጅ ለማዳን የሌላውን መርዶ እንድረዳ ነው የምትጠይቁኝ? ኢክ ቤን ባንግ፣ እትዬ። አጥንቼዋለሁ። ትክክል ነው?

እባክዎ የሚያውቁትን ይጻፉልኝ።

ሠርካለም

*

አሰን፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሠርካለም፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልኝ። ዛሬ ትምህርት የለም።

እዚህ አገር የመጣሁ ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ እጠብቅ ነበር። ቃለ መጠይቅ ነበረብኝ፤ እሱም ፈተና ነው። በዚያ መሀል አንበሳሜ ያለች እናቴ ሞተች። እኔ አልሰማሁም። ደብዳቤ እጽፍላታለሁ፣ መልስ ይመጣልኛል። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ላሚቱ ወለደች» ይላል። ወንድሜ ነበር የሚጽፈው። ከሞተች ከከረመች እናቴ ጋር ስጫወት ከረምሁ። ፈቃዴ የወጣ ዕለት ማግስት፣ ሳይነጋ፣ እዚህ ያሉ ያገሬ ሰዎች ምግብ ይዘው ደረጃውን ሞልተው መጡ። በሩን ስከፍት እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ ስቄ ተቀበልኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ያገር ቤት ሰውን ስለማንም ጠይቄ አላውቅም። ጠይቄ «ደህና ነው» ቢሉኝ እንዴት ብዬ አምናለሁ? አንቺ የልጅሽን ስም ስትጽፊልኝ እጄ ተሳሰረ። ብጠይቅሽ የማላምነውን ልትነግሪኝ፣ ባጽናናሽም የማታምኚውን ልነግርሽ ሆነብኝ። ዝምታዬ ለአንቺ ምን እንደሚመስል አላሰብሁም።

በእናቴ አጥንት እምልልሻለሁ፤ ስለ አዛናው የማውቀው አንቺ የጻፍሽልኝን ብቻ ነው።

የእኔ መሐላ ብቻውን እንዳይሆን ዓለምነህ ዘንድ በባቡር ሄድሁ። ከሥራ የሚገባው ማለዳ ስለሆነ በማለዳ በሩን አንኳኳሁ። የቲማቲም ቤት ልብሱን አላወለቀም ነበር። አየኝና ግድግዳውን ያዘ። «እትዬ፣ ሊነግሩኝ ነው የመጡት?» አለኝ። ቃሉ ይኸው ነበር። እሱም አንቺ የምትደብቂው ይመስለው ነበር፤ ሥራ ላይ እንዳይደነግጥ ብለሽ። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሁለታችንም አለቀስን። ለማንም አልነበረም ያለቀስነው፤ ለማለዳው ነው።

መፈተን አለመፈተኑን አንቺ ታውቂያለሽ። ግን እኛን ፈርተሽ አትቅሪ።

አራተኛውን ጥያቄ እኔ አልመልስልሽም። በ«ኢክ ሄብ» ጀምሪው። ቁጥሩ ያንቺ ነው።

እኅትሽ ጥሩብርሃን

*

ወረታ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ፣ ለእህቴ፣ ለመምህሬ ለእትዬ ጥሩብርሃን፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ! ለእናትዎ ነፍስ በጣራ ገዳም ጸሎት አስደርጌያለሁ። ዘግይቶብዎት እንደሆነ ይማሩኝ፤ እኔ የሰማሁት አሁን ነው።

ተፈተንሁ፣ እትዬ! አልቅሼ ልቀር ነበር፤ ደብዳቤዎን ለአምሳል ባነብላት ጊዜ፣ «ባልሽም አንቺም ስትደባበቁ የኖራችሁት ያልነበረ ነገር ነው? ሂጂ ወዲያ፣ ተፈተኚ» ብላ ልብሴን ቋጠረችልኝ። ከወረታ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ለወትሮው አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ረዘመ። ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አያወራም፤ እኔ እንኳ ዝም አልሁ፣ መባ ግንባሬን እየነካች ታመምሽ ወይ አለችኝ። ሹፌሩ ከኬላ ኬላ ሲደርስ ቆቡን አውልቆ ያማትባል። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድን። ከፍ ስንል ሐይቁ ታየን፣ ሜዳችንም ውኃ ተኝቶበት ሩዙ ብቅ ብቅ ብሏል። አዛናው ይህን ሳያይ አየሁት ብዬ ከመስኮቱ ዞርሁ።

ፈተናው ቤት ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር አጠለቁልኝ። አንዲት ሴት ተናገረች። እንደምን ዋልሽ ልላት አፌን ከፍቼ የእርስዎ ምክር ትዝ አለኝና ዋጥሁት። ስም፣ አገር፣ ሥራ ጠየቀችኝ። ቄሱን ሁለተኛው ወንበር ላይ እያስቀመጥሁ መለስሁ። ቀጥላ፣ «ሁፌል ኪንደረን ሄፍት ኡ?» አለች። ስንት ልጆች አሉዎት?

«ኢክ ሄብ ትዌ ኪንደረን» አልሁ። ጮክ ብዬ።

ጢጥ አለ፤ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አየሩ እንዴት ነው ወይ ምን ነበር። እትዬ፣ አገር ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ ባልሁ ቁጥር ከንፈሩን የማይመጥብኝ ሰው የለም። እሷ ግን ተቀብላኝ አለፈች። ስወጣ መባ፣ «እማ፣ ምን ጠየቀችሽ?» ብትለኝ፣ «ስለ አንቺና ስለ ወንድምሽ» አልኋት።

በጳጉሜ ዓለምነህ ደወለ። «አልፈሻል!» አለና ተቆረጠ። መባ እልልታዋን ለቀቀችው፤ መንደሩ በሙሉ ሰማ።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃቴ የመጣው። እርስዎን አምኜዎታለሁ፤ ዓለምነህንም። የዚህን መንደር ሰው ግን አውቀዋለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ፈተናው አለቀ፤ ማለፌንም ሁሉም ሰምቷል። የሚያውቅ ካለ የሚመጣው ነገ ማለዳ ነው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ግቢዬን ጠረግሁ። ያለኝን በርጩማና ወንበር ሁሉ አውጥቼ ደረደርሁ፤ የይርጋለምን አግዳሚም ተዋስሁ። ቆመው እንዳይነግሩኝ ብዬ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ በር ላይ ተቀመጥሁና ጠበቅሁ።

መምሬ በላቸው ወደ ደብራቸው ሲያልፉ ብድግ አልሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» ብለው በመስቀላቸው ባርከውኝ ቀጠሉ። አያ ደሳለው መጡ። ሩዝ ሊያርሙ ነው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበዋል። ወንበሮቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምን ድግስ ነው በማለዳ?»

«ካለ ንገሩኝ ብዬ ነው፣ አያ።»

ገባቸው። አንዱን በርጩማ አንስተው ወደ ግድግዳው አስጠጉት። «ምንም የለም» አሉ። «ቢኖር ነግሬሽ ነበር። የማውቀው የለም፣ ልጄ። ማንም የሚያውቅ የለም።» መንገዳቸውን ሄዱ።

ፀሐይ ወጣች። ከብቶቹ አለፉ። መፈልፈያው ሞተሩ ተነሳ። ማንም አልመጣም።

እትዬ፣ ሁለት ዓመት የፈራሁት የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ ነበር። አሁን የምፈራው የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ይኼኛው ፍርሃት ያው ፍርሃት ነው፤ ግን ተሸክሞት መሄድ ይቻላል። በጥቅምት መጨረሻ መባን ይዤ እመጣለሁ።

አምሳል መጥታ አንዱ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ቤቱን ለእሷ እንደምተውላት ነገርኋት፤ ገብታ እንድትኖርበት፣ በሩ ተዘግቶ እንዳይገኝ።

«ልጅሽ ቢመጣ ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ይብላ፣ ይተኛ። ከዚያ ለእኔ ደውይልኝ።»

«የሚመጣው ማለዳ ቢሆንስ? ማለዳ ስልክ ሲጮህ ልብሽ ይቆማል እኮ።»

«ማለዳም ቢሆን ደውይልኝ» አልኋት።

በቅርቡ ፊትዎን ሊያሳየኝ የፈቀደ አምላክ እስከዚያው እርስዎን አያሳጣኝ።

ሠርካለም